የወርቅአገኘሁ መኪና ሻንሲ

«ቁርጥራጭ ብረት የለንም፤ ባለፈው ሳምንት ጠራርገው ወስደውታል። በል ሂድ!»

ወርቅአገኘሁ ይህን ያለው ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ጋዜጣውንም ከፊቱ ሳያወርድ ነው። ጋዜጣ መያዝ የጀመረው ጋራዥ ከከፈተ ወዲህ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

በሩ ላይ የቆመው ሰው ግን አልሄደም። ዕድሜው ወደ አምሳ ይጠጋል። ትከሻው ላይ የቆዳ ከረጢት አንጠልጥሏል፤ እጆቹ እስከ ክርኑ ድረስ የእሳት ፍንጣሪ ባሳረፋቸው ትናንሽ ጠባሳዎች ተዥጎርጉረዋል።

«ብረት ልገዛ አልመጣሁም» አለ።

«ልትሸጥ ነው እንግዲያ? ማረሻም ማጭድም አልፈልግም። እኔ የማርሰው በጎማ ነው!» ወርቅአገኘሁ በገዛ ቀልዱ ሳቀ።

«ብርሃነ መስቀል ነው ያስጠራኝ።»

«ብርሃነ መስቀል ያስጠራው መካኒክ ነው።»

«እንግዲህ የተጠራሁት እኔ ነኝ» አለ ሰውየው። ከረጢቱን አውርዶ መሬት ላይ ሲያስቀምጠው ውስጡ ያለው ብረት ተንኳኳ።

ወርቅአገኘሁ ጋዜጣውን ያወረደው ያን ጊዜ ነው። የሚስቱ ወንድም ብርሃነ መስቀል ሦስት ቀን ሙሉ «አንድ ባለሙያ አግኝቻለሁ፤ እንዲህ ያለ እጅ አስመራ እንኳ አላየሁም» እያለ ሲያወድሰው የሰነበተው ሰው፣ ከሰፈራችን በታች ገደሉ አፋፍ ላይ የሚኖረው ወልደአረጋይ ቀጥቃጩ ሆኖ ተገኘ።

ወልደአረጋይ የአንኮበር ሰው ነው። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ ሲወርዱ ካለ አንድ የጠይቦች መንደር መጥቶ ደብረ ብርሃን ከተቀመጠ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ማጭዳችን፣ መጥረቢያችን፣ የበራችን ማጠፊያ ሁሉ የሱ ሥራ ነው። ገበያ ላይ ዕቃውን እናገላብጣለን፣ እንከራከራለን፣ እንገዛለን፤ መንገድ ላይ ስናገኘው ደግሞ ልጆቻችንን ወደ ጉያችን እንሸጉጣለን። ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላላ። ማን ሲበላ አየው ቢባል መልስ የለንም። ግን እንሸጉጣለን።

የመኪናዋ ነገር እንዲህ ነው። ወርቅአገኘሁ ጥቁሯን ሸቭሮሌት የገዛት ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነው። በ1958 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከጣርማ በር ሲመለስ መንገድ ስቶ ከድንጋይ ግንብ ጋር ተላተመ። «ጉሙ ነው» ብሎ ለሁሉም አስረዳ። ጉም መኖሩ እውነት ነው፤ ከጉሙ በፊት ስለተጠጣው አረቄ የጠየቀ ግን አልነበረም። የመኪናዋ ቆርቆሮ ተቃና፣ ቀለም ተቀባች፣ አማረባት። ሻንሲዋ ግን አልዳነም። ሻንሲ የሚሉት ሞተሩንም ጎማውንም የተሳፋሪውንም ቤት ከሥር ተሸክመው ከፊት እስከ ኋላ የሚሄዱትን ሁለት ረጃጅም ብረቶች ነው። የግራው ጎብጦ፣ ከጉብጠቱም ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ይህን የሚያየው ከሥሯ የሚተኛ ሰው ብቻ ነው፤ ወርቅአገኘሁ ደግሞ ልብሱን ስለሚወድ አይተኛም።

ነገሩ እንዲሁ ተሸፋፍኖ ይቀር ነበር። የደነባው እህል ነጋዴ ተክለጊዮርጊስ ነው የገለጠው። በአንድ ሰርግ ላይ፣ ድፍን ዳስ እየሰማ፣ «የወርቅአገኘሁ መኪና ወገቧን እንዳመማት አሮጊት ወደ ጎን ነው የምትሄደው» አለ። እሱ ሰማያዊ ኦፔል አለው። ወርቅአገኘሁም ጠጅ ላይ ስለነበር፣ «ጥምቀት ባለፈ እሑድ ሜዳው ላይ እንተያያ!» ብሎ ተነሳ። ሴቱ እልል አለ፤ ነገሩ በእልልታ ጸደቀ።

የአሯሯጡን ደንብ ያመጣው ብርሃነ መስቀል ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አስመራ ከአሜሪካኖች ጋራዥ አራት ዓመት ሠርቶ መመለሱ ነበር። «ኩርባ የለ፣ ዳገት የለ» አለን። «ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል። ጨርቅ ይወድቃል። ከዚህ ስልክ እንጨት እስከዚያኛው ስልክ እንጨት ድረስ ቀድሞ የደረሰ፣ አበቃ።» ነገሩን ወደድነው። ከፈረስ ጉግስ የሚለየው ማንም ማንንም ስለማይመታ ነው ብለን ተሳሳቅን።

ብርሃነ መስቀል ግን አንድ ነገር ፈርቷል። እንዲህ ባለው ሩጫ ጭንቁ መነሻው ላይ መሆኑን ያውቃል። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ሲያጓራ ሻንሲውን እንደ እርጥብ ልብስ ይጨምቀዋል፤ የተሰነጠቀ ሻንሲ ደግሞ ይህን አይችልም። ለዚህ ነው ወልደአረጋይን ያስጠራው። የሰፈራችን እህል ወፍጮ የብረት ድጋፉ ተሰንጥቆ ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት መካኒኮች «አይሆንም» ብለው በተመለሱ ጊዜ፣ ወልደአረጋይ ጠግኖት እስከ ዛሬ ይፈጫል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ዱቄቱንም እየበላነው ነበር።

«እሺ፣ ይሞክር» አለ ወርቅአገኘሁ በመጨረሻ። «ግን በኋላ በር በኩል ይግባ።»

«የመንገዱን ዳር ቤት ስጠው እንግዲያ» አለ ብርሃነ መስቀል። «ጎማ የምታከማችበትን። መኪናዋ ሮጣ በአራት እግሯ ከተመለሰች ቤቱ ይከራይለት፤ ይሥራበት።»

«ቀጥቃጭ? አስፋልት ዳር?»

«መካኒክ በለው።»

ወርቅአገኘሁ አሰበ። የደነባው ሰው ሳቅ ጆሮው ላይ መጣበት መሰለኝ፣ «እሺ፤ በአራት እግሯ ከተመለሰች» አለ።

ያን ዕለት ወልደአረጋይ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ታንጉት የወናፉን ቆዳ ስትሰፋ አገኛት። ወናፉ ክረምት በገባ ቁጥር ይበሰብሳል፤ ጎርፉ ከላይ ከሰፈራችን እየወረደ የምድጃቸውን እሳት ያጠፋዋልና። የሰፈራችንን እጣቢ ጭምር ይዞ ነው የሚወርደው።

«በሩ ወዴት ነው የሚከፈተው?» አለችው ወሬውን ስትሰማ።

«ወደ መንገዱ።»

«ወደ መንገዱ ወደ መንገዱ?»

«ስንት ዓይነት መንገድ አለ? አስፋልቱ ነዋ።»

ታንጉት መርፌዋን አቆመች። «እንግዲህ ዕቃውን ተሸክመን ገበያ መዞር ቀረ» አለችና ወዲያው ደግሞ፣ «ካልሰጡህ ግን እንዳታዝን» ብላ ስፌቷን ቀጠለች።

ወልደአረጋይ መኪናዋን በክሪክ አስነስቶ ባሕር ዛፍ ግንድ ላይ አስቀመጣትና ከሥሯ ገባ። መጀመሪያ የሠራው ነገር ቢኖር መለካት ነው። ሲባጎ አውጥቶ ከሻንሲው አንድ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ወጠረ፤ ቋጠሮ አሰረበት፤ ከዚያ በሌላው በኩል አመሳቅሎ ወጠረው። ቋጠሮው አራት ጣት አልፎ ሄደ።

«አራት ጣት ዘምማለች» አለ ከሥር ሆኖ።

«ይቃናል?» አለ ብርሃነ መስቀል ጎንበስ ብሎ።

«በአንድ ቀን ካቃናሁት ይሰበራል። በአራት ቀን ካቃናሁት ይቃናል።»

ሰንሰለት አስሮ፣ በክሪክ እየገፋ፣ በቀን አንድ ጣት መለሰው። በአምስተኛው ቀን ከወደቀ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ወፍራም ብረት ቆረጠና በስንጥቁ ላይ የሚለበጥ ጠጋኝ አዘጋጀ። ጠጋኙ ክንድ ተስንዝር ይረዝማል፤ ሁለቱም ጫፎቹ እንደ ጦር የሾሉ ናቸው። ከሻንሲው ጋር ያያያዘው በሪቬት ነው፤ ሪቬት ማለት እንደጋለ በቀዳዳው አልፎ በሌላው ወገን ራሱ የሚቀጠቀጥ ወፍራም ምስማር ነው። ብርሃነ መስቀል ከጎኑ ተኝቶ መብራት ይይዝለት ነበር።

«ለምን ያሾሉታል፣ ጋሼ?» በደብረ ብርሃን ከተማ ወልደአረጋይን «ጋሼ» የሚል፣ «እርስዎ» የሚል ይህ ልጅ ብቻ ነው። አስመራ ያበላሸችው እንደሆነ እናውቅ ነበር።

«ጠንካራው ቦታ በድንገት ካበቃ፣ ያበቃበት ላይ ይሰበራል። እየሳሳ ይለቅ።»

«እዚህ በያጆቹ ዙሪያውን ነው የሚበይዱት።»

«ዙሪያውን የበየድከው እንደሆነ ዳር ዳሩን እሳት ይበላዋል። ሻንሲ እኮ ድንጋይ አይደለም፤ ትንሽ ይጠማዘዛል፤ እንዲጠማዘዝ ነው የተሠራው። ሪቬት ይይዘዋል እንጂ አያንቀውም።»

«አሜሪካኖቹ ይህንኑ ይሉ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ሲሉት ግን አልገባኝም።»

ወልደአረጋይ ሲስቅ ብርሃነ መስቀል ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያየው። ጥርሱ ያማረ ነው። እኛ በአሥራ ሦስት ዓመት አይተነው አናውቅም።

ሥራው ለጥምቀት ዋዜማ አለቀ። ዓርብ ዕለት፣ ሩጫው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ወርቅአገኘሁ ከገበያ እየተወራጨ መጣ።

«የደነባው ሰው ምን አለ መሰላችሁ? ‹መኪናህን ቀጥቃጭ ሰፋት አሉ› አለኝ! ለእሑድ ሰዎቹን ይዞ መጥቶ ከሥሯ ተኝተው ሊያዩ ነው!»

ይህን ብሎ በዚያች ቀን ልብሱን ረስቶ ከሥሯ ተኛ። አሥራ አራቱን የሪቬት ራሶች አንድ በአንድ አያቸው። ሲነሳ ፊቱ ደም መስሏል።

«የተጠገነ ብረት ድስት ነው የሚመስለው! ኃይለሚካኤልን ጥሩልኝ።»

ኃይለሚካኤል የከተማችን በያጅ ነው። ጥቁር መነጽር ያደርጋል፤ ከሥራ ውጪም ያደርጋል። መጥቶ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«ይህ የጥንት ሥራ ነው። ጫፍና ጫፉን እቆርጠዋለሁ፣ የምስማሮቹን ራስ በሞረድ እልጋቸዋለሁ፣ ዙሪያውን እበይደዋለሁ። ቀለም ስትቀባው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው።»

ወልደአረጋይ መሣሪያውን ሊሰበስብ መጥቶ በኋላው በር ቆሞ ነበር። «ጫፉ ከተቆረጠ እዚያው ይሰበራል» አለ።

«ማን ጠየቀህ?» አለ ኃይለሚካኤል።

«ሪቬቱን ተዉት፤ ጨርቅ ሸፍኑበት፤ ጭቃ ቀቡት። ብቻ በእሳት አትዙሩት።»

«አንተ» አለ ወርቅአገኘሁ፣ «ብረቱን አቃንተሃል፤ ደግ ሠርተሃል። የቀረው የመልክ ነገር ነው። የመልኩን ነገር ለኛ ተወው።»

ብርሃነ መስቀል ከእህቱ ባል ጋር እስከ ማታ ተጨቃጨቀ። ግን የሚበላው ከእህቱ ቤት፣ የሚያድረው ከእህቱ ቤት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጠጋኙ ጫፉ ተቆርጦ፣ ካሬ ሆኖ፣ ዙሪያውን ተበይዶ፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ አማረ። ልጁ ወደ ገደሉ አፋፍ ወርዶ ለወልደአረጋይ ነገረው።

«አትንዳት» አለው ወልደአረጋይ።

«እኔ ካልነዳኋት እሱ ነው የሚነዳት። እሱ ከሆነ ደግሞ ከመነሻው ሳይርቅ ይሞታል።»

«እንግዲህ ወደ ግራ ስትጎትትህ ከተሰማህ እግርህን አንሳ። የፈለገው ይሳቅብህ። አንሳ።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አስፋልቱ የሚያቋርጠው ሜዳ በሰው ተሞላ። የደነባ ሰዎች በሁለት የጭነት መኪና ተጭነው መጡ ማለት ማጋነን ይሆናል፤ በአንድ የጭነት መኪና ነው፤ ጩኸታቸው ግን የሁለት ነበር። የኛዎቹ «ደነባ! ጤፉን አራግፍና ና!» ይላሉ። የነሱዎቹ «አሮጊቷ ከዘራ ይዛለች?» ይላሉ። እውነትም ሦስት ሰዎች ከሸቭሮሌቷ ሥር ተኝተው አዩ። «ምንም የለባትም» አሉ አዝነው እየተነሱ። ወርቅአገኘሁ ኮቱን አስተካከለ። ያቺ የደስታው ሰዓት ነበረች።

ወልደአረጋይ ከሰው ራቅ ብሎ የስልክ እንጨት ተደግፎ ነበር። በዙሪያው አንድ ሰርግ የሚያስተናግድ ክፍት ቦታ ነበረ።

ጨርቁ ወደቀ። ሁለቱም መኪናዎች አጓሩ፤ ሸቭሮሌቷ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ ተወረወረች። አንድ ስልክ እንጨት፣ ሁለት ስልክ እንጨት፣ ኦፔሉን ጥላው ሄደች፤ እኛ እየዘለልን ነው። በሦስተኛው ላይ ወደ ግራ ስትል አየን። ብርሃነ መስቀል እግሩን አንስቶ ነበር፤ የሞተሩ ድምፅ ሲወርድ ሁላችንም ሰምተናል። ግን ሻንሲው ቀድሞ ተቆርጧል። የግራው የፊት ጎማ ወደ ውስጥ ታጠፈ፤ መኪናዋ በአፍንጫዋ አስፋልቱን አረሰችና ተገልብጣ ቦዩ ውስጥ ገባች።

ሰው ሁሉ ሮጠ። ወልደአረጋይም ሮጠ፤ ልጁን ለማውጣት እጁን ሲዘረጋ ግን አንዲት ሴት «አትንካው!» ብላ ጮኸች፤ ሌሎቹም ገፈተሩት። ስለዚህ ወደ ተገለበጠችው መኪና ዞረ። ሻንሲው ወደ ሰማይ ተገልጦ ነበር። ጎንበስ ብሎ አየው። ሪቬቶቹ ራሳቸው ተሞርዶም እንኳ እንደያዙ ናቸው። ብረቱ የተቆረጠው ከጠጋኙ ጫፍ ላይ፣ ብየዳው ባበቃበት መስመር፣ በቢላ እንደተሸረከተ ሆኖ ነው። በጣቱ ዳሰሰው።

በማግስቱ ከተማው የተነጋገረው ስለዚህ ዳሰሳ ነው። «ከሰው በፊት ብረቱን አየ» አልን። ልጁን እንዳይነካ የገፈተርነው እኛ መሆናችንን ማንም አላነሳም።

ብርሃነ መስቀል እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ሐኪም ቤት ታሰረለት፤ ቁስሉም ተሰፋ። በስድስተኛው ቀን እናቱ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ «ልጄ በሰው ቤት አይተኛም» ብለው ወደ ቤታቸው አመጡት። ሐኪሙ «ትኩሳት ከጀመረው ወዲያው መልሱት» ብሎ ነበር። በስምንተኛው ቀን ትኩሳቱ ጀመረው። በዘጠነኛው መቃዠት ጀመረ።

ሲቃዥ የሚለው አንድ ነገር ነው። «ጋሼ ወልደአረጋይን ጥሩልኝ። ወልደአረጋይን።»

በኛ ዘንድ ሕመምተኛ ሲቃዥ የጠራው ስም እንዲሁ ስም አይደለም። ቡዳ የበላው ሰው ሲለፈልፍ የሚጠራው የበላውን ሰው ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ ማስረጃ አይፈለግም፤ የተጠራው ሰው ሳያውቅ ከልብሱ ቁራጭ ይወሰዳል፣ በእሳት ይጨሳል፣ ሕመምተኛው ይታጠናል። ልጁ በዚያች የመጨረሻ ሰዓት የመከረውን ሰው ነው የጠራው። ከተማው የሰማው ሌላ ነው።

ኃይለሚካኤል ጠላ ቤት ተቀምጦ፣ መነጽሩን እንዳደረገ፣ «ብየዳ ሁሉን ይችላል፤ ዓይንን ግን በምን ይችላል?» ሲል ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

በአሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወርቅአገኘሁ ወደ ገደሉ አፋፍ ወረደ። መቼም ወርዶ አያውቅም። ታንጉት ወናፍ ትነፋለች፤ ወልደአረጋይ ማጭድ ይቀጠቅጣል።

«እንደምን ዋልክ፣ ወልደአረጋይ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጁ እንዴት ነው?»

«ደኅና አይደለም።» ወርቅአገኘሁ ከኪሱ ቁልፍ አወጣ። «ስለ ቤቱ ነው የመጣሁት። ነገ መግባት ትችላለህ።»

«መኪናዋ በአራት እግሯ ከተመለሰች ነበር ያሉት።»

«ይሁን፤ እኔ ቃሌን አላጥፍም።» ዘወር ዘወር ብሎ አየ። «አንድ ነገር ብቻ። ሰው መጥቶ ቢጠይቅህ ዝም በል። በላሁ አትበል፤ አልበላሁም አትበል። ስለ ብየዳውም አታንሳ።»

«ሻንሲው የተሰበረው ብየዳው ጫፍ ላይ ነው። ጋራዥዎ ውስጥ ነው ያለው፤ ሄደው ይዩት።»

«አይቼዋለሁ» አለ ወርቅአገኘሁ።

ወናፉ ቆመ። ታንጉት ቀና ብላ አየችው።

«ካዩት ታዲያ?» አለ ወልደአረጋይ።

«ካየሁትማ ያስቆረጥኩት እኔ ነኛ! ይህን ብናገር ሚስቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ? አማቴ ፊት እንዴት እቆማለሁ? አንተን ደግሞ ምን ይጎዳሃል? ድሮም ይሉሃል።»

ወልደአረጋይ ማጭዱን እሳት ውስጥ መልሶ ከተተው። ብረቱ እስኪግልም ጠበቀ።

«ቁልፉን ይውሰዱት» አለ በኋላ።

«እስቲ አስብበት።»

«አስቤበታለሁ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያችን በር ነው ያሰብኩት። ይውሰዱት።»

ወርቅአገኘሁ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወጣ። ዳገቱን ሲወጣ ሁለት ጊዜ አረፈ።

በማግስቱ ማለዳ ታንጉት ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ አጥሩ ላይ ከተሰጣው ጋቢ አጠገብ ነጠላ የተከናነቡ ሴትዮ ቆመው አየች። እጃቸው ነጠላው ውስጥ ነው። ከነጠላው ሥር የመቀስ ጫፍ ብልጭ አለ። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ነበሩ።

«የሚፈልጉት ምኑን ነው፣ እመይቴ?» አለች ታንጉት። «ጋቢውን ነው ወይስ ጫፉን?»

ሴትዮዋ ደነገጡ። ግን አልሸሹም። «አንቺ ልጅ የለሽም?» አሉ።

«አራት አሉኝ። ማንም በልቷቸው አያውቅም።»

ድምፅ ሰምቶ ወልደአረጋይ ወጣ። የለበሳት አሮጌ ጋቢ ነች። መቀሱን አየ፤ የሴትዮዋን ዓይን አየ፤ አሥር ቀን ያልተኛ ዓይን ነው።

«ትኩሳት አለው?» አላቸው።

«እንደ ምድጃ ነው የሚነደው።»

«እግሩስ? ቁስሉ ይሸታል?»

ቀስ ብለው፣ «ይሸታል» አሉ።

«እመይቴ፣ ይህ የሐኪም ነው። ዛሬውኑ ይመልሱት።»

«ሐኪም ይህን አያውቅም። ልጄ ስምህን እየጠራ ነው።» ቁጣ የለባቸውም፤ እንዲያውም ለስለስ አሉ። «አልቀየምህም። ወደህ እንዳላደረግከው አውቃለሁ፤ ፈጣሪ እንዲህ አድርጎ ፈጥሮህ ነው።»

«የጠራኝ ሌላ ነገር ሊለኝ ይሆናል። ልምጣና ላነጋግረው። ከበራፉ ላይ ሆኜ።»

ሴትዮዋ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ወደ ኋላ ሄዱ። «አይ! አይሆንም። ጨርቁ ይበቃኛል።»

ወልደአረጋይ እጁን ዘርግቶ መቀሱን ከእጃቸው ወሰደ፤ እሳቸውም ሳያስቡት ለቀቁለት።

«ጨርቁን እኔው ቆርጬ እሰጥዎታለሁ» አለ። «ግን ይማሉልኝ። አንድ ጊዜ ያጥኑትና ጭሱ ሳይወጣ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ዛሬ። ነገ አይደለም።»

«ወልደአረጋይ!» አለች ታንጉት። «በገዛ እጅህ ከቆረጥክላቸው እኮ ነኝ አልክ ማለት ነው! ከእንግዲህ በዚህ አገር ማን ካንተ ማጭድ ይገዛል? ልጆቹስ?»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ታዲያ?»

«ጋሼ ይለኝ ነበር» አለ ወልደአረጋይ፤ ወደ ሴትዮዋ ዞሮም፣ «ይማሉ» አላቸው።

«ሥላሴን! ዛሬውኑ እወስደዋለሁ።»

ከለበሳት ጋቢ ጥለት አጠገብ የመዳፍ ያህል ቆረጠ። ሥራ ነውና ዳሩን አስተካክሎ ነው የቆረጠው። ሴትዮዋ በሁለት እጃቸው ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ከተማችን ለወልደአረጋይ አልቅሶ አያውቅም፣ ያን ዕለትም ለሱ አልነበረም።

«እግዜር ይስጥህ» አሉ። «ልጄ ብቻ ይዳን። ከዳነ ያን ቤት ወርቅአገኘሁ እንዲሰጥህ አስደርጋለሁ። ያዳነው የወልደአረጋይ ጨርቅ ነው ብዬ ለአገር ሁሉ እናገራለሁ።»

ወልደአረጋይ መቀሱን በእጀታው በኩል መለሰላቸው።

«ካልዳነም ይናገሩታል» አለ።